ድምፅን መያዝና ቃልን ማስተላለፍ፦ የድምፅ መቅጃ ታሪክ ለብቸናና ለሞጣ መድረሳዎች የሚያነሣው ጥያቄ

መግቢያ



በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና ወይም በሞጣ የሚያስተምር የቁርኣን መምህር ዛሬ ሁለት ዓይነት ደረሳ ሊቀርብለት ይችላል። አንዱ ሉሑን ይዞ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ ቃል በቃል ተቀብሎ የሚያድግ ነው። ሌላው ሱራውን ከስልክ ወይም ከሚሞሪ ካርድ እየሰማ በቃሉ ይዞ የሚመጣ ነው። የሁለተኛው ንባብ ብዙ ጊዜ ለጆሮ ይጥማል፤ የታወቀ ቃሪእን ዜማ አስመስሎ ይዟልና። መምህሩ ቀረብ ብሎ ሲያዳምጥ ግን ሣእ ሲን ሆና፣ ዛል ዛይ ሆና፣ ዐይን ሀምዛ ሆና ያገኛታል። ዜማው ደርሷል፤ ፊደሉ ግን አልደረሰም።

ይህ ለምን ሆነ? በልማድ የሚሰጠው መልስ «ልጁ መምህር ስላላገኘ ነው» የሚል ነው። መልሱ እውነት ቢሆንም የነገሩን ግማሽ ብቻ ይነግረናል። ቀሪው ግማሽ የሚገኘው በመሣሪያው ተፈጥሮ ውስጥ ነው፤ መቅጃ መሣሪያ ከድምፅ ምኑን እንደሚይዝና ምኑን እንደሚጥል ማወቅ ያስፈልጋል። ይህም ታሪኩን ከመነሻው መከተልን ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመረምራለን፦ የድምፅ መቅጃ እንዴት እንደተገኘና ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ፣ ዑለማእ መሣሪያውን እንዴት እንደተቀበሉት፣ በመጨረሻም መምህራንና ኢማሞች በምን መንገድ ሊገለገሉበት እንደሚገባ። ዓመታቱ ሌላ ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከጥቀርሻ ወረቀት እስከ ሸክላ

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚደርስ ንዝረትን ሊሰማ ይችላል፤ ይህ የንዝረት ብዛት በሳይንስ ቋንቋ «ኸርዝ» በሚባል መለኪያ ይቆጠራል። ወፍራም ድምፅ ዝቅተኛ ንዝረት፣ ቀጭንና የሚያፏጭ ድምፅ ከፍተኛ ንዝረት አለው። ድምፅን መቅዳት ማለት እንግዲህ ይህን የሚጠፋ ንዝረት በማይጠፋ ነገር ላይ ማስፈር ማለት ነው።

ይህን በመጀመሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ኤድዋር ሌዮን ስኮት ደ ማርቲንቪል ሲሆን ዘመኑም 1857 ነው። መሣሪያው የድምፅን ንዝረት በጥቀርሻ በተቀባ ወረቀት ላይ እንደ መስመር ይጽፍ ነበር። ነገር ግን የተጻፈውን መልሶ ማሰማት አይችልም ነበር፤ ሠሪውም ያን አላሰበም። የርሱ ምኞት ድምፅ በዓይን እንዲነበብ ነበር። በ1860 የተጻፈ አንድ ወረቀቱ በኮምፒውተር ተነብቦ በጆሮ የተሰማው በ2008 ነው።

የተቀዳውን መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ የሠራው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ነው፤ በ1877። በሚሽከረከር ከበሮ መሰል ሲሊንደር ላይ ስስ የቆርቆሮ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ሰው በመለከት መሰል አፍ ውስጥ ሲናገር መርፌው በቅጠሉ ላይ ይወጋል፤ መርፌው በዚያው ፈለግ ተመልሶ ሲሄድ የተነገረው ይሰማል። ቅጠሉ በጥቂት ጊዜ ስለሚበላሽ በኋላ በሰም ተተካ። በ1887 ደግሞ ኤሚል በርሊነር ከሲሊንደሩ ይልቅ ጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳን መረጠ። የርሱ ብልሃት ትልቁ ጥቅም ከአንድ እናት ቅርጽ ብዙ ቅጂዎችን እንደ ማኅተም መርገጥ ማስቻሉ ነው። በአገራችን «ሸክላ» ተብሎ የተጠራውና ከግራሞፎን ጋር የመጣው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ዘመን መሣሪያ ሁለት ድንበሮች ነበሩት። አንደኛው የጊዜ ድንበር ነው፤ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሁለተኛው የድምፅ ድንበር ነው፤ ማይክሮፎንና ኤሌክትሪክ በ1925 ወደ ቀረጻ እስኪገቡ ድረስ መሣሪያው ከ2,500 ኸርዝ ብዙም ከፍ ያለ ንዝረት መያዝ አይችልም ነበር። ይህ ሁለተኛው ድንበር ከዚህ በታች ለምንመለስበት የፊደል ጉዳይ መሠረት ስለሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው እንጠይቃለን።

መቅጃው ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

የኢትዮጵያ ታሪክ ከድምፅ መቅጃ ጋር የተገናኘው በጣም ቀድሞ ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ያስተላለፈችው መልእክት በሰም ሲሊንደር ተቀድቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ከተደመጠ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ መሠረት ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በ1899 በዚያው መሣሪያ የመለሱት መልስ ግን ተጠብቆ ቆይቶ ዛሬም ሊደመጥ ይችላል። ከአንድ የመልእክት ልውውጥ የአንደኛው ወገን ድምፅ ጠፋ፤ የሌላው ተረፈ። ልዩነቱን የፈጠረው የመሣሪያው ጥራት ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነው።

ለገበያ የታተመ የኢትዮጵያ ዜማ የተቀዳው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በኋላ ነጋድራስ የሆኑት ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ በበርሊን ግጥምና ዜማቸውን በሸክላ አስቀዱ። በ1935 የኢትዮጵያ ሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ፣ ዐምሐ እሸቴ በ1969 ያን ገደብ ተላልፎ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ሸክላዎቹም በውጭ አገር ነበር የሚረገጡት። ከርሱ ቀጥሎ ከታወቁት አሳታሚዎች አንዱ የመርካቶው ነጋዴ ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ በቅጽል ስሙ ዓሊ ታንጎ ነው። ይህ ሙስሊም ነጋዴ ከሸክላ ወደ ካሴት በተደረገው ሽግግርም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር።

በሸክላ ዘመን የሙስሊሙ የዝክርና የመንዙማ ቅርስ በመቅጃው ውስጥ ያገኘው ቦታ ጠባብ ነበር። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሌሊቱን የሚዘልቅ የሐድራ መንዙማ፣ አውጪው እያወጣ ጀማዓው አዝማቹን እየተቀበለ በድቤና በጭብጨባ የሚሄድ ዜማ፣ በሦስት ደቂቃ ገጽ ላይ አይገባም። ሌላው ምክንያት ማኅበራዊ ነው፤ የሙስሊሙ በዓላት በአገሪቱ የበዓል ሰሌዳ ላይ የገቡት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነው።

ዑለማእ በመሣሪያው ፊት

ፎኖግራፍ ወደ ሙስሊሙ ዓለም እንደገባ ዑለማእ ዝም አላሉም። በባታቪያ (በዛሬዋ ጃካርታ) ይኖሩ የነበሩት ትውልደ ሐድረመውት ሰይድ ዑስማን በ1899 ስለ ፎኖግራፍ ጽሑፍ አወጡ። በግብፅ ደግሞ በኋላ የአገሪቱ ሙፍቲ የሆኑት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ በ1324 ሂጅራ (1906) የፎኖግራፍንና የኢንሹራንስን ጉዳይ አያይዞ የሚመረምር ሪሳላ አሳተሙ። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ሪሳላ መቅረባቸው ራሱ የዘመኑን መንፈስ ይነግረናል፤ ሁለቱም ከውጭ የመጡ፣ በቀደሙት ኪታቦች ውስጥ በስም የሌሉ ጉዳዮች ነበሩ።

ጥያቄዎቹ ጥልቅ ነበሩ። ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ ንባብ ነው ወይስ የንባብ ጥላ? ቁርኣን ያለበትን ሸክላ ያለ ውዱእ መንካት ይቻላል? የሰጅዳ አንቀጽ ከመሣሪያው የሰማ ሰው ሰጅዳ ይገባዋል? ለመጨረሻው ጥያቄ ከቀደሙት ኪታቦች ውስጥ ቂያስ የሚሆን ነገር ተገኘ። የሐነፊ ፉቀሃእ የሰጅዳን አንቀጽ ከገደል ማሚቶ ወይም መናገር ከለመደች ወፍ የሰማ ሰው ሰጅዳ እንደማይገደድ ጽፈው ነበር፤ ንባብ የሚባለው ከሚያስተውልና ከሚያስብ አንባቢ የወጣ ነውና። ብዙ ዑለማእ መቅጃውን ከገደል ማሚቶ ጋር አመሳሰሉት። የሻፊዒ መዝሀብ ተከታዮች ሰጅደቱ ቲላዋን እንደ ሱና ስለሚያዩት ለነርሱ ጥያቄው በግዴታ መልክ አይነሣም፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።

ይህ ምሳሌ ከፊቅህ ውጭም የሚጠቅም እውነት ይዟል። ገደል ማሚቶ የተናገረውን ሰው ቃል በትክክል ይመልሳል፤ ግን አይሰማውም፣ አያስበውም፣ ስሕተት ቢኖርበትም ከነስሕተቱ ይመልሰዋል። መሣሪያውን በዚህ ዓይን ማየት ፈቃድና ክልከላውን ብቻ ሳይሆን ተግባሩንም ለመረዳት ይረዳል።

በአዛን ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሣ። ድምፅ ማጉያ የሙአዚኑን ድምፅ ወደ ሩቅ ማድረሱ በሰፊው ተቀባይነት አገኘ፤ የሚያሰማው ሕያው ሙአዚን ነውና። በቴፕ የተቀዳን አዛን በሙአዚን ምትክ ማጫወት ግን ሌላ ነገር ነው። በመካ የሚገኘው የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1406 ሂጅራ (1986) በሰጠው ውሳኔ በሶላት ወቅት ከመቅጃ የሚወጣ አዛን ብቻውን በቂ እንደማይሆን ገለጸ። አዛን ከንዝረቱ በላይ የሰው ኒያ ያለበት ዒባዳ መሆኑ የውሳኔው መንፈስ ነው።

ዘፈንንና የሙዚቃ መሣሪያን በተመለከተ በዑለማእ መካከል ያለው ሰፊ ውይይት የታወቀ ስለሆነ እዚህ አንደግመውም። ለርዕሳችን የሚበቃው ይህ ነው፤ መቅጃው ራሱ እቃ ነው፤ ሑክሙ የሚከተለው የተቀዳውን ነገርና የሚደመጥበትን ሁኔታ ነው።

በድምፅ የተሰበሰበው ሙስሐፍ

ቁርኣን በድምፅ ከመቀዳቱ ጋር ሁለት የካይሮ ክንውኖች ይታወሳሉ። የግብፅ ሬዲዮ በግንቦት 1934 መጨረሻ ሥርጭቱን ሲጀምር የከፈተው በሸይኽ ሙሐመድ ሪፍዐት ንባብ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ለቢብ አስ-ሰዒድ የተባሉ ግብፃዊ ምሁር በ1959 ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ቁርኣን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተጅዊድ ሕግ መሠረት በሙረተል ንባብ እንዲቀዳ። ንባቡ በሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ድምፅ፣ በሐፍስ ከዓሲም ሪዋያ፣ ዓሊሞች እየተቆጣጠሩት ተቀድቶ በ1961 ተሠራጨ።

የለቢብ አስ-ሰዒድ ማስረጃ የተመሠረተው በየማማ ውጊያ ጊዜ በሆነው ላይ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሞት በኋላ በዚያ ውጊያ ብዙ ቁርኣን የሐፈዙ ሰሓቦች በመሞታቸው ዑመር (ረ.ዐ.) ቁርኣን በአንድ ጥራዝ እንዲሰበሰብ አቡ በክርን (ረ.ዐ.) መከሩ፤ ዘይድ ኢብን ሳቢትም ሥራውን ፈጸሙ። በግብፅም ታላላቅ ቃሪኦች ድምፃቸውን ሳያስቀሩ እየሞቱ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው መሰብሰብ በጽሑፍ ከሆነ፣ ይህኛው በድምፅ መሰብሰብ ይሁን አሉ።

ከዚህ ታሪክ ሌላ ወገንም አለው። ዑስማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፎችን ወደ ከተሞች ሲልኩ ጽሑፉን ብቻ አልላኩም፤ የቁርኣን ዑሉም ሊቃውንት እንደሚያስተላልፉት ከየሙስሐፉ ጋር የሚያስነብብ ቃሪእ አብሮ ተልኳል። ጽሑፉ ቃልን ከመጥፋት ጠበቀ፤ ሰውየው ደግሞ ቃልን ከመዛባት ጠበቀ። በድምፅ የተቀዳው ሙስሐፍም በዚሁ መለኪያ ሊታይ ይገባዋል። የሸይኽ አል-ሑሰሪ ቅጂ ለመምህሩ ማመሳከሪያ ሆኖ የተሠራ እንጂ መምህሩን ከወንበሩ ለማስነሣት የተሠራ አይደለም። ኢጃዛና ሰነድ ዛሬም የሚሰጡት ከሰው አፍ ወደ ሰው ጆሮ፣ ከተማሪው አፍም ወደ መምህሩ ጆሮ በሚሄድ ተለቂ ነው።

የጎጃም አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በብቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀ ነው፤ በዚያ ያለው ክርስቲያን ጎረቤታችንም ዕውቀቱን የሚቀበለው ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ነው። የዜማ ምልክት በብራና ላይ ቢጻፍም ያለ መሪጌታ አይዜምም። ጽሑፍና ምልክት አስታዋሽ፣ መምህር ደግሞ አስተላላፊ መሆናቸው በዚህ አገር ሁለቱም ሃይማኖቶች የሚያውቁት ሥርዓት ነው።

ካሴት፦ መቅጃው በእያንዳንዱ እጅ

በማግኔት መቅዳት የተጀመረው በ1898 በዴንማርካዊው ቫልዴማር ፖውልሰን የብረት ሽቦ ነው። በ1928 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ፍሎይመር በብረት ዱቄት የተቀባ ጥብጣብ አቀረበ። በ1963 ደግሞ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ለዓለም አሳየ። ካሴት በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለ 3.81 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ በየገጹ 30 ወይም 45 ደቂቃ ይይዛል።

የካሴት ታላቅነት በድምፅ ጥራቱ አልነበረም፤ በዚያ ከሸክላ የተሻለ አልነበረም። ታላቅነቱ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ማምጣቱ ነው። መጀመሪያ፣ ማንም ሰው ያለ ፋብሪካ ሊቀዳበት ይችላል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መብራት በሌለበት ቦታ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሦስተኛ፣ አንድ ገጹ ረጅም መንዙማን ወይም የአንድን ዓሊም ደርስ ሊይዝ ይችላል። ለገጠር ከተሞች ይህ ለውጥ ትልቅ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ቀጂም ሊሆኑ ቻሉ።

መንዙማ በመቅጃው ውስጥ በሰፊው የገባው በዚህ ዘመን ነው። ከካሴት ቀደም ሲል የመንዙማ ግጥሞች በወሎ ዑለማእ፣ ለምሳሌ በሸይኽ ጦልሐ ጃዕፈር፣ በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ ማለትም በዐጀሚ ተጽፈው ይተላለፉ ነበር። ዐጀሚው ቃሉን ይዟል፤ ዜማውን ግን አልያዘም፤ ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ነበር የሚሄደው። እንደ ሸይኽ ሙሐመድ አወል ያሉ የመንዙማ ባለቤቶች በካሴት ሲሰሙ የወሎ ዜማ በመላው አገር ታወቀ። ይህ በረከቱ ነው። ጉዳቱም አብሮ መጣ፤ በሩቅ የታተመ የታወቀ ድምፅ በየቤቱ ሲገባ በየአካባቢው የነበረው የዜማ ልዩነት እየተሸፈነ ሄደ። በንግድና በሽመና ተሠማርተው፣ በብዙ ክርስቲያን ጎረቤቶች መካከል በጎጃም ከተሞች ለዘመናት የኖሩ ሙስሊሞች የራሳቸው የዝክር አወራረድና የአዝማች ልማድ አላቸው። በታተመ ካሴት ውስጥ ያልገባው ይህ ልማድ መኖሪያው የሽማግሌዎች ጉሮሮ ብቻ ነው። በመንዙማና በመውሊድ ላይ በዑለማእ መካከል ልዩነት መኖሩ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ የማኅበረሰቡን ታሪክ የሚመረምር ሰው የትኛውንም ወገን ቢከተል ሰነዱ እንዲኖር ይፈልጋል።

መሣሪያው የሚጥለው ፊደል

አሁን ወደ መነሻችን ጥያቄ እንመለስ። ልጁ ዜማውን ይዞ ፊደሉን ለምን ጣለ? ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፤ በቅደም ተከተል እናያቸዋለን።

አንደኛው ከመሣሪያው ነው። የዜማው ከፍታና ዝቅታ፣ የመድ ርዝመት፣ የጉንና ቆይታ፣ የወቅፍ ቦታ በዝቅተኛና በመካከለኛ ንዝረት ውስጥ ይገኛሉ፤ ደካማ መሣሪያም ይይዛቸዋል። ሲንን ከሣእ፣ ሣእን ከፋእ የሚለየው ፉጨት ግን በከፍተኛ ንዝረት ውስጥ ነው። የሲን ኃይል በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ይገኛል፤ ሣእና ፋእ ደግሞ ደካማና የተበታተነ ድምፅ አላቸው። የተለመደው የስልክ ጥሪ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። በስልክ ስም የሚነግር ሰው ፊደሉን እየደጋገመ የሚያስረዳው በዚህ ምክንያት ነው። ከቅጂ ቅጂ እየተወሰደ ያረጀ ካሴትም ከፍተኛውን ንዝረት ያጣል፤ በምትኩ የራሱን ሹክሹክታ ይጨምራል። በሚሞሪ ካርድ የሚዞረው ኤምፒ3ም ቢሆን ቦታ ለመቆጠብ ጆሮ ብዙም አያስተውለውም የተባለውን ድምፅ እየጣለ የሚሠራ ነው፤ በጣም ሲጨመቅ የመጀመሪያው ተሠዊ ያው ከፍተኛው ንዝረት ነው። ስለዚህ ልጁ በመጥፎ ቅጂ ሣእን ከሲን ሊለይ ያልቻለው ስላልተጋ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ በቅጂው ውስጥ ስለሌለም ነው።

ሁለተኛው ከጆሮ ነው። ቅጂው እጅግ ጥሩ ቢሆን እንኳ ጆሮ የማያውቀውን ፊደል ወደሚያውቀው ይመልሰዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ አ እና ዐንም በጽሑፍ እንጂ በንግግር አይለይም። ሣእ፣ ዛል፣ ዟእና ዷድም በአማርኛ የሉም። ጧእን እንደ ጠ፣ ሷድን እንደ ጸ፣ ቃፍን እንደ ቀ ማንበብ በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የአማርኛዎቹ ጠ፣ ጸና ቀ ከጉሮሮ ተዘግተው የሚፈነዱ ድምፆች ሲሆኑ፣ የዐረብኛዎቹ ጧእና ሷድ ምላስን ወደ ላንቃ በማንሣት የሚወፍሩ፣ ቃፍም ከምላስ ሥር የሚወጣ ነው። ልጁ ጥሩውን ቅጂ መቶ ጊዜ ቢሰማም የሚሰማው ጠን ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው ምላሱ የት እንደሚቀመጥ የሚያመለክት መምህር ነው።

ሦስተኛው ከመሣሪያው ጠባይ ነው። መቅጃ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ደረሳው አንድ ሺህ ጊዜ ቢሳሳት መሣሪያው አንድ ጊዜም አያቆመውም። ፉቀሃእ መቅጃውን ከገደል ማሚቶ ጋር ሲያመሳስሉ የተናገሩት እውነት እዚህ ላይ በተግባር ይታያል።

ከእነዚህ ሦስት ምክንያቶች የሚከተለው መሣሪያውን ከመድረሳ ማባረር አይደለም፤ በቦታው ማኖር ነው። የሚከተለው የሥራ ክፍፍል ለመምህራን የሚጠቅም ይመስለናል። መኽረጅና ሲፋት በመምህሩ ፊት፣ ከአፉ እየታየ ይሰጥ። ያ ከተስተካከለ በኋላ የመድን፣ የጉንናንና የወቅፍን ልማድ ለማጽናት፣ ሒፍዝንም ለመከለስ ቅጂ ይደመጥ፤ ቅጂውም ጥራቱ በመምህሩ የተመረጠ፣ ከአንድ ሪዋያ የማይወጣ ይሁን። ከሁሉ በላይ መሣሪያው አቅጣጫውን ይለውጥ። ደረሳው ራሱን ቀድቶ ንባቡን ከመምህሩ ጋር ያድምጥ፤ ልጁ ሲያነብ ያልሰማውን ስሕተት ሲያዳምጥ ይሰማዋል። ከከተማ ርቆ መምህር ዘወትር የማያገኝ ደረሳም ሳምንታዊ ንባቡን በስልኩ ቀድቶ ቢያመጣ መምህሩ ሊያርመው ይችላል። እንዲህ ሲሆን የማይሰማው መሣሪያ ለሚሰማው መምህር አገልጋይ ይሆናል።

ሞጣ ያስተማረችው፦ ቅጂን ስለ መጠበቅ

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2019) በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ድርጊቱን ከሙስሊሙ ጋር ክርስቲያን ወገኖችም አወገዙት፤ መስጊዶቹን መልሶ ለመሥራትም ከብዙ አቅጣጫ እርዳታ ተሰበሰበ። ግንብ መልሶ ሊገነባ ይችላል። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ኪታብ፣ በአንድ ሳጥን ብቻ ያለ ካሴት ግን አንዴ ከተቃጠለ የሚመልሰው የለም። ሰነድን የሚመለከት ሰው ከዚያ ቀን የሚወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ውድ የሆነ ነገር በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም።

እሳት ባይኖርም ጊዜ ራሱ ያቃጥላል። ካሴት ዘላለማዊ አይደለም። ጥብጣቡ ይሳባል፣ ሻጋታ ይይዘዋል፣ በሳጥኑ ውስጥ ጥብጣቡን ከመቅጃው ራስ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ መደገፊያ ይወልቃል፤ ለዓመታት ተጠቅልሎ የቆየ ጥብጣብም የአንዱን ዙር ድምፅ ወደ ሌላው ዙር ያስተላልፋል፤ ቃሉ ከመነገሩ በፊት ደካማ ጥላው የሚሰማው ለዚህ ነው። ደህና የሚያጫውት ቴፕ ማግኘትም ከዓመት ዓመት እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ የሟች ዓሊም ደርስ ወይም የአንድ ሽማግሌ መንዙማ ያለበት ካሴት በየቤቱ ካለ፣ የሚገለበጥበት ጊዜ አሁን ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች መስበር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ በስሕተት ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ቀጥሎ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መመለስ፣ የቴፑን ራስ በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ፣ ከዚያም ከቴፑ የድምፅ መውጫ በገመድ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ነው። ከድምፅ ማጉያው ፊት ስልክ አስቀምጦ መቅዳት የክፍሉን ጩኸት ይጨምራል፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው። የሚቀዳው ባልተጨመቀ የዌቭ ፋይል፣ በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ በ24 ቢት ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ነጠላ መስመር ድምፅ ከግማሽ ጊጋባይት በጥቂቱ ይበልጣል፤ 64 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ፍላሽ ከ100 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። ኤምፒ3 ለማዳረስ እንጂ ለማኖር አይሁን።

ከድምፁ እኩል የሚያስፈልገው መግለጫው ነው። ማን አነበበ ወይም አዜመ፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ተቀበለው፣ ማን ቀዳው፣ ለምን ጉዳይ ተሰበሰቡ፤ እነዚህ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ካልተጻፉ ድምፁ ባለቤት የሌለው ይሆናል። የሐዲስ ዑለማእ ሰነድ የሌለውን ወሬ እንዴት እንደሚያዩት ለዚህ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ፈቃድም ግዴታ ነው። ባለ ድምፁ በሕይወት ካለ ከርሱ፣ ካለፈም ከቤተሰቡ ኢዝን ይጠየቅ፤ በመጅሊስ የተነገረ ምሥጢርም አማና ነው። በመጨረሻ ቅጂው ቢያንስ በሁለት ከተሞች፣ ለምሳሌ የብቸናው በሞጣ፣ የሞጣው በብቸና ይቀመጥ፤ ሦስተኛ ቅጂ ከዞኑ ውጭ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። በየሁለትና ሦስት ዓመቱም ወደ አዲስ ማስቀመጫ ይተላለፍ።

ማጠቃለያ

የድምፅ መቅጃ ከጥቀርሻ ወረቀት ተነሥቶ በሰም፣ በሸክላ፣ በጥብጣብ አልፎ በቁጥር ወደተጻፈ ድምፅ ደርሷል። በየደረጃው የሚይዘው እየጨመረ መጥቷል፤ ያልተለወጠው ግን የሚሰማና የሚያርም አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ከታሪኩ ለመምህራንና ለኢማሞች ሁለት ኃላፊነቶች ይከተላሉ። ቁርኣንን በተመለከተ መሣሪያው አስታዋሽ ሆኖ ይቅር፤ አስተላላፊነቱ በሰነድ ላለው መምህር ይጠበቅ። የአካባቢውን ዓሊሞችና የዝክር ባለቤቶች ድምፅ በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚያስፈራው መሣሪያው የመምህሩን ቦታ መውሰዱ አይደለም፣ ሳይቀዱ ማለፋቸው ነው። የዚህ ዓመት ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ መድረሳ የአንድ አዛውንትን ድምፅ በስምና በቀን ለይቶ፣ በሁለት ቦታ ቢያኖር፣ ለሚመጣው ትውልድ የምናስቀረው ነገር ከዛሬው ይበልጣል።

አላህ ከሁሉ ይበልጥ ያውቃል።